ከፀሐይ ተቃራኒ የተጠቀለለ ገመድ

ወደ ኋላ እየተራመደች ነበር። የገመድ ፈታይ ሥራ ከሌላው ሥራ ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው፤ ወገቧ ላይ ከታሰረው የቃጫ ነዶ በጣቶቿ እየመጠነች ክሩን ትለቃለች፣ በሜዳው ራስ ላይ አባቷ መንኮራኩሩን ያዞራል፣ ክሩ በመካከላቸው እየተጠመዘዘ በረዘመ ቁጥር እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ስትሄድ ኖራ አሁን ሃያ ሁለት ሞላት። ከጀርባዋ የሚመጣውን አታይም፤ የምታየው የአባቷን ፊት ብቻ ነው። ስለዚህም የዚያን ቀን ማለዳ የመጣውን ነገር ከማየቷ በፊት በአባቷ ፊት ላይ አነበበችው።

መንኮራኩሩ ቆመ። ክሩ ላላ። አባቷ ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያም ትከሻው፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ በመጨረሻም ጉልበቱ እህሉ እንደ ፈሰሰበት ጆንያ ዝቅ ዝቅ አለ።

«ማን ነው?» አለች ሳትዞር።

«ዝም በይ» አላት በከንፈሩ ብቻ።

ዞረች። የመጣው የግንብ ሹሙ ነው፤ የአዲሱን የደወል ማማ ሥራ የሚያዘው፣ ቁመቱ እንደ ራሱ ግንብ የረዘመ፣ ጺሙ ላይ የኖራ ብናኝ የማይጠፋ ሰው። ሁለት ጦረኞች አስከትሎ ነፋሱ ከእሱ ወደ እነሱ በሚነፍስበት በኩል ቆመ። አዋጁ እንዲህ ያዛል፤ ገማጅ ከሌላ ሰው ጋር ሲነጋገር ከነፋሱ በታች ይቁም፣ አሥር ክንድም ይራቅ። ምክንያቱ የከተማው መስቀያ ገመድ የሚወጣው ከገማጆች ሜዳ መሆኑ ነው። ከተማው ይፈርዳል፣ ከተማው ይሰቅላል፤ ኃጢአቱ ግን በቃጫው ተስቦ ወደ ገማጆች ይፈስሳል ይባላል።

በዚህ ነገር ዕድሜ ልኳን ስትቆጣ ኖራለች። አክስቷ ገና በልጅነቷ «አንቺን ያቀፈ ሁሉ ይደማል» ብላ «እሾህ» የሚል ስም አውጥታላት ነበር፤ ስሙ ከመንደሩ አልፎ ከተማ ገብቷል።

«አንተ ገማጅ!» አለ የግንብ ሹሙ።

«አቤት ጌታዬ። አቤት።»

«ገመድህ ከዳን። ደወሉ ማማው ውስጥ እኩሌታ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አንድ ላይ ከተጠመዘዙት ሦስት ግምዶች አንዱ ተበጥሷል፣ ሁለተኛውም ክር በክር እየተፈታ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎቼ ከንጋት ጀምሮ የመሳቢያውን እንጨት ታቅፈው ቆመዋል። ቢለቁት ደወሉም ይወርዳል፣ ወለሉም ይወርዳል፣ እነሱም አብረው ይወርዳሉ።» ድምፁ ተሰበረ፤ መሰበሩም ይበልጥ አናደደው። «የሌባ መስቀያ ገመዳችሁ አንድ ቀን ተበጥሶ አያውቅም! ለእግዚአብሔር ቤት ሲሆን ነው የሚበጠሰው?»

«የሌባውን ገመድ የምንጠቀልለው እኛው ነን» አለች እሾህ። «ለዚህ ነው የማይበጠሰው።»

«አንቺ ልጅ!» አባቷ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፤ የራሱን አፍ እንጂ የእሷን መክደን አልቻለም።

የግንብ ሹሙ እንዳልሰማ ሆነ። «የደብሩ አለቃ ፈርደዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ የከዳ እጅ ይቆረጣል። የቀትሩ ጸሎት ሳይጀመር ይፈጸማል። እሰሩት።»

አንደኛው ጦረኛ ሜዳው ላይ የተጣለውን ስምንት ክንድ የሚሆን ገመድ አንሥቶ የሽማግሌውን እጆች የፊጥኝ አሰረ። «በሬ ካራጁ ይውላል፤ ገማጅም በገመዱ ይታሰራል» ብሎ ሳቀ። እሾህ ገመዱን አወቀችው። ባለፈው ሳምንት የገመደችው ራሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ስምንት ወር የደከሙበትን፣ ውፍረቱ የጎልማሳ ክንድ የሚያህል የደወል ገመድ በበሬ አስጎትተው እስከ ወሰኑ ድንጋይ አደረሱ። ከድንጋዩ ወዲያ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ ገማጅ ዕቃ ይዞ አያልፍም። ግንበኞቹ ተቀብለው ይጠቀልሉት ጀመር። ገመዱ ቀኝ ግምድ፣ ማለት ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ ነበር፤ ቀኝ ግምድ ደግሞ ፀሐይ በምትሄድበት አቅጣጫ እንጂ በሌላ አይጠቀለልም። ይህንን በገማጆች መንደር ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ያውቀዋል። የደብሩ አለቃ ግን በነጭ ካባቸው ብቅ ብለው፣ ገመዱ ለተቀደሰ ሥራ ነውና ሕዝቡ በዑደት ጊዜ ቤተ መቅደሱን በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠቅለል ብለው አዘዙ። ዑደቱ ከፀሐይ ተቃራኒ ነው። ግንበኞቹ እየዘመሩ፣ አለቃው የተባረከ ውኃ እየረጩ፣ የስምንት ወር ልፋት በቅን ልብ አበላሹት።

እንዲህ የተጠቀለለ ገመድ ጉዳቱን ወዲያው አይናገርም። ቂም እንደ ያዘ ሰው ነው፤ ጠመዝማዛውን በውስጡ አምቆ ይቆይና ሸክም ሲያርፍበት በራሱ ላይ ይታጠፋል። በእጥፋቱ ላይ ይሰበራል።

እሾህ ከድንጋዩ ወዲህ ሆና «በዚያ በኩል አይደለም! ዙሩ!» ብላ ጮኻ ነበር። ዘበኛው በጠጠር መለሰላት፤ እብጠቱ ዛሬም ከቅንድቧ በላይ አለ። አባቷ አጠገቧ ቆሞ ነበር። እሷ ያየችውን ሁሉ አይቷል። ክንዷን ይዞ «ነይ እንሂድ፣ ልጄ። ዝም አይነቅዝም» አላት። ሄዱ።

አሁንም ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ከጎኑ እየተራመደች እንዲህ አለችው፦ «እውነቱን ንገራቸው። አይተሃል። እኔ ብናገር እሾህ ናት ይሉኛል፤ አንተ አርባ ዓመት የገመድክ ሰው ነህ።»

«ለማን ልንገር? ያዘዙት እሳቸው ናቸው። አለቃውን በአለቃው ፊት ልክሰስ?»

«እጅህን እኮ ነው የሚቆርጡህ!»

«አንድ እጅ ነው፣ ልጄ» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ሁለት አለኝ።»

እሾህ በሕይወቷ ከሰማችው ስድብ ሁሉ ይህ ለስላሳ ቃል ይበልጥ አቃጠላት። ሰው እንዴት የገዛ አካሉን እንደ ትርፍ ዕቃ ይቆጥራል? ማን አስተማረው? መልሱን ታውቃለች። እሷንም ያንኑ ሊያስተምሯት አሥራ አምስት ዓመት ደክመዋል።

ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው ታላቁ በር ነው፤ ከነፈረሱ ሰው የሚያስገባ፣ መዝጊያው በናስ የተለበጠ። ሁለተኛው በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ያለው የገማጆች በር ነው፤ ቁመቱ እስከ ሰው ደረት ብቻ ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይገቡበትም፤ የሚያደርሰውም በእንጨት ፍርግርግ ወደ ታጠረች ጠባብ ጥግ ነው። ከዚያች ጥግ ወደ ሌላ የትም መሄጃ የለም። የማማው ደረጃ ያለው በታላቁ በር ገብቶ፣ የሕዝቡን መቆሚያ አቋርጦ፣ በስተ ቀኝ ነው።

በተከፈተው በር ውስጥ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ይታዩ ነበር። በማማው ሥር ካለው ትልቅ ቋሚ ግንድ ላይ የተሰኩትን የመሳቢያ እንጨቶች ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ እግራቸውን በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ተክለው፣ ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። ግንዱን እንዳይዞር የሚይዘው ችንካር ተሰንጥቆ ወዲያ ወድቋል።

የደብሩ አለቃ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ደረታቸው ላይ የብር መስቀል፣ እጃቸው ላይ ባለ ማኅተም ቀለበት። «ይኸው ነው?» አሉ ሽማግሌውን በዓይናቸው መዝነው።

«ይኸው ነው፣ አባታችን» አለ የግንብ ሹሙ። «ግን ከፍርዱ በፊት የደወሉ ነገር ይቅደም። ማማው ጫፍ ወጥቶ፣ ከመዘውሩ ሥር፣ ከተበጠሰው በታች ያለውን ገመድ በሌላ ገመድ አንቆ ከወራጁ እንጨት ጋር የሚያስር ሰው ያስፈልገኛል። የኔ ሰዎች ድንጋይ እንጂ ገመድ አያውቁም። ሁለቱ ሞክረው ቋጠሯቸው ተንሸራተተ።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ጣቶች ተመለከቱ። አርባ ዓመት ቃጫ የዋጣቸው ጣቶች እንደ ወፍ ጥፍር ተቆልምመው ቀርተዋል።

«እኔ እወጣለሁ» አለች እሾህ።

በግቢው ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። ገማጅ በታላቁ በር! አለቃው ከጸሐፊያቸው ጋር ተንሾካሾኩ። ሥርዓቱን በሚገባ የሚያውቅ አንድ ዲያቆን መላ አመጣ፤ ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስ ሰሌን ይነጠፍ፣ እግሯ ንጣፉን አይንካ፣ በኋላም ሰሌኑ ይቃጠል። ሰሌን ሊያመጡ ሰዎች ሮጡ።

ከውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ። «ኧረ እናንተ ሰዎች!» አለ ከመሳቢያው እንጨት ጋር የተጣበቀው ወፍራም ግንበኛ። «እኔ እዚህ ነፍሴ በአፍንጫዬ ልትወጣ ነው፣ እናንተ ምንጣፍ ትመርጣላችሁ? ሙሽራ ልታስገቡ ነው?»

«አታስቀኝ» አለው ከጎኑ ያለው። «ከሳቅሁ እለቀዋለሁ።»

ጸሐፊው የቀለም ቀንዱን ከቀበቶው ፈትቶ መዝገቡን ዘረጋ። ማማ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ቢወድቅ ማን እንደ ሞተ እንዲታወቅ። «ማን ልበል?»

«እሾህ።»

«የማን ልጅ?» አለ እንደ ልማዱ፤ ወዲያው ግን ብዕሩን አነሣ። «አያስፈልግም። ገማጅ በአባት ስም አይጻፍም። ‹ከገማጆች አንዷ› ይበቃል።»

«አይበቃም» አለች። «ሌላው ሁሉ የማን ልጅ ተብሎ ተጽፎ የለም? የኔንም ጻፍ።»

«ሥርዓት ነው፣ አንቺ ሴት። የገማጅ አባት በመዝገብ አይሰፍርም።»

«እንግዲያው የእግዚአብሔር ልጅ ብለህ ጻፍ።»

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አስባበት አልነበረም፤ ድንጋይ ያጣ ሰው እጁ የገባለትን እንደሚወረውር በንዴት የወረወረችው ነው። የጸሐፊው ብዕር በአየር ላይ ቀረ። አባቷ ዓይኑን ጨፈነ።

«ድፍረት!» አሉ አለቃው። ፊታቸው ቀላ። «እናንተ በቤቱ አጠገብ እንድትቆሙ የተፈቀደላችሁ በምሕረት ነው። ሎሌም በጌታው ቤት ይኖራል፤ ስለኖረ ግን ልጅ ነኝ አይልም።»

«አባታችን» አለች እሾህ፤ እንዲህ ብላ ልትጠራቸው ግዴታ ነበረባት፤ ቃሉ በአፏ ውስጥ እንደ ሬት መረረ። «ሕፃን ሳለሁ ያጠመቁኝ እርስዎ ነዎት። በትንሿ በር ሥር፣ በትንሿ ገበታ፣ ሕዝቡ ሁሉ ከሄደ በኋላ፤ ግን አጥምቀውኛል። በማን ስም ነው ያጠመቁኝ? በአብ ስም አይደለም? የማን አባት ነው ያ አብ? የእርስዎ ብቻ ነው?»

አለቃው አፋቸውን ከፈቱ። መልሳቸውን ግን ከውስጥ የመጣ ጩኸት ቀደመው። «ጻፍላት! ምን ቸገረህ! ጻፍላት፣ እጄ አለቀ!»

እሾህ የጸሐፊውን ውሳኔ አልጠበቀችም። ወደ አባቷ ሄዳ የእጁን ማሰሪያ ትፈታ ጀመር። ጦረኛው ጦሩን አዘቀዘቀባት። «ምን ልትሆኚ ነው?»

«አጭርና ጠንካራ ገመድ እፈልጋለሁ። በግቢህ ውስጥ የሚታመን ገመድ ይህ ብቻ ነው፤ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ወይስ በቀበቶህ ልሰረው?»

የግንብ ሹሙ «ተዋት» አለ።

ገመዱን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ታላቁ በር ሥር ደረሰች። ሰሌኑ ተነጥፏል፤ ዲያቆኑ ጫፉን በእግሩ ጫማ እያስተካከለ ነበር። እሾህ ጎንበስ ብላ ሰሌኑን በሁለት እጇ ያዘችና በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ወረወረችው። ባዶ እግሯን በድንጋዩ ንጣፍ ላይ አሳረፈች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ ምንም አልሆነም፤ ሰማይ አልተሰነጠቀም፣ መሬትም አልዋጠቻትም። ሮጣ አቋረጠችው።

ደረጃው ጠመዝማዛና ጠባብ ነው። መቶ አርባ ደረጃ ወጣች። ጫፉ ላይ ሁለት ወራጅ እንጨቶች ባዶውን አቋርጠው ተጋድመዋል፤ በመካከላቸው መዘውሩ ተሰቅሏል። ከታች፣ በጨለማው ጉሮሮ ውስጥ፣ ደወሉ እንደ ታላቅ ጥቁር ፍሬ ተንጠልጥሏል። ከመዘውሩ ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ ገመዱ ታጥፎ ጎብጧል፤ የተበጠሰው ግምድ እንደ ተፈታ ጠጉር ተንጨባሯል። ሁለተኛው ላይ ክሮቹ አንድ በአንድ ጧ ጧ እያሉ ይበጠሳሉ።

በእንጨቱ ላይ በሆዷ ተኛች። ክንዷን ወደ ገመዱ ከመዘርጋቷ በፊት ግን ገታ አለች። መጸለይ አሰበች፤ የወጣው ግን ጸሎት ሳይሆን ክስ ነበር።

«የማን ልጅ እንደ ሆንኩ ተናግሬ መጣሁ። በንዴት ነው የተናገርኩት። ውሸት ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ። ለእነሱ መልስ አለኝ፤ አንተን ግን መስማት እፈልጋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ አባቴ በበርህ ጎንብሶ ሲገባ አይተኸዋል። ልጅህ ከሆነ ለምን ዝም አልክ? ልጅህ ካልሆነ ደግሞ ይህን ቁጣ ማን ሰጠኝ?»

ድምፅ አልመጣም። አንድ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ነገር ግን የመጨረሻው ጥያቄዋ ከእሷ ጋር ቀረ። ይህን ቁጣ ማን ሰጠኝ? ሎሌ በሩ ሲዘጋበት ያዝናል፣ ይለምናል፣ ወይም ሌላ ጌታ ይፈልጋል። እንደዚህ አንጀቱ እስኪቃጠል የሚቆጣ ግን የቤቱ ልጅ ነው፤ በሩ የአባቱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው የሚቆጣው። ሕይወቷን ሙሉ ሰዎች እንደ ርኩሰት ይሸሹት የነበረው፣ አባቷ የሚፈራው፣ አክስቷ በእሾህ የሰየመችው ነገር ይህ ነበር። ልጅነቷን ከዘበኞች ስትጠይቅ ኖራለች፤ ዘበኛ ምን ያውቃል? ጥያቄው እነሱ ዘንድ መቅረብ አልነበረበትም። በደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቦታውን ይዞ ተቀመጠ። ቁጣው አልበረደም፤ ባለቤት አገኘ እንጂ።

«እሺ» አለች፣ «አባቴ ነህ።» ክንዷን ዘረጋች።

አጭሩን ገመድ ከተበጠሰው በታች ባለው ጤነኛ ክፍል ላይ እንደ ሐረግ ሰባት ጊዜ ጠመጠመች፤ ሲጎተት ይበልጥ የሚያንቅ፣ የአባቷ አባት ለአባቷ ያስተማረው አጠማዘዝ ነው። ጫፉን በወራጁ እንጨት ላይ ሁለት ጊዜ አዙራ አሰረች። ጥፍሯ ተገነጠለ፤ ያየችው በኋላ ነው። ስምንት ወር የገመደችውን ገመድ ስትነካው የምታውቀው ሰው ሰውነት ያህል አወቀችው፤ የት እንደ ታመመ፣ የት እንደሚታመን። ዕድሜ ልኳን ይህን ሙያ እንደ እርግማን ስትሸከም ነበር። በዚያች ሰዓት አሥራ ሁለት ነፍስ የተንጠለጠለው በዚህ እርግማን ላይ ነበር።

«አሁን!» ብላ ወደ ታች ጮኸች። «አንድ ጋት ልቀቁ! አንድ ጋት ብቻ! ቀስ!»

እንጨቱ አቃሰተ። ደወሉ ወረደ፤ የጣት ስፋት ያህል። ጥምጥሙ ጮኸ፣ አነቀ፣ ያዘ። ሁለተኛው ግምድ ያን ጊዜ ተበጠሰ፤ በጥፊ የተመታ ያህል ጉንጯን ገርፏት አለፈ። ደወሉ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ከታች የሰው ድምፅ እንደ ጎርፍ ተነሣ። አሥራ ሁለቱ ሰዎች እንጨቱን ለቀው በየቦታቸው ወደቁ።

ስትወርድ አለቃው በማማው ሥር ቆመው ነበር፤ ጸሐፊውም አዲስ የተጻፈ ብራና ይዞ። ተቆጥቶ የነበረው ፊታቸው አሁን ረግቷል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለጋስ ነኝ ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

«ድፍረትሽን ትቼዋለሁ» አሉ። «የአባትሽም እጅ ይማራል። አንቺም ለሠራሽው ሥራ ዋጋ፣ ከዛሬ ጀምሮ በታላቁ በር እንድትገቢ በማኅተሜ ፈቅጃለሁ። አንቺ ብቻ። ተንበርከኪና ተቀበዪ።»

አባቷ ከታላቁ በር ደፍ ውጭ፣ በግቢው አፈር ላይ ቆሞ ነበር። «ተንበርከኪ፣ ልጄ!» ብሎ ተጣራ፤ እሱ ራሱ ተንበርክኮ ነበር። «ስለ እናትሽ አጥንት! ተቀበዪ!»

«አልቀበልም» አለች እሾህ። «ምሕረት የሚያስፈልገው ያጠፋ ሰው ነው፤ አባቴ ምን አጠፋ?» ወደ ግንብ ሹሙ ዞረች። «እርስዎ በሙያዎ የታወቁ ሰው ነዎት። ከደወሉ ገመድ የተረፈውን ቁራጭ ያስመጡልኝ።»

አመጡት። በሕዝቡ ፊት ንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ ለአለቃው ሳይሆን ለገመዱ። በመጀመሪያ በዑደቱ አቅጣጫ ጠቀለለችው፤ ከዚያ ወፍራሙን ግንበኛ ጠርታ ጫፉን አስያዘችውና «ሳብ» አለችው። ሳበ። ገመዱ ታጠፈ፣ በራሱ ላይ ተቋጠረ፣ እጥፋቱ ጎብጦ ወጣ። ፈታችው፤ ጠመዝማዛውን አወጣችና በፀሐይ አቅጣጫ ጠቀለለችው። «ሳብ።» ገመዱ እንደ ውኃ ተዘርግቶ ወጣ።



የግንብ ሹሙ ጎንበስ ብሎ ገመዱን በጣቱ ዳሰሰ። ረጅም ጊዜ ዳሰሰው። «ልክ ናት» አለ በመጨረሻ፤ ቃሉ እንደ መርግ ከብዶት ነበር። «ያበላሸነው እኛ ነን። አህያውን ፈርተን ዳውላውን ልንመታ ነበር።» ዳውላው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ገባቸው፤ አህያው ማን እንደ ሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም።

የአለቃው ፊት አመድ መሰለ። «ከሜዳቸው ሳይበላሽ እንዳልመጣ በምን ይታወቃል? ሲጠቀለል ያየ ምስክር አለ? ከዚህች ሌላ?»

እሾህ ወደ አባቷ ተመለከተች። አልለመነችውም። ሽማግሌው አሁንም እንደ ተንበረከከ ነበር።

«አይቻለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«አይቻለሁ፣ አባታችን። እርስዎ ሲያዙ ሰምቻለሁ፣ እነሱም ሲጠቀልሉ አይቻለሁ። ይበጠሳል ብዬ አውቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።» አለቀሰ። «ከተበደልኩት የበደልኩት ይበልጣል። አሥራ ሁለት ሰው ሊሞት ነበር፣ እኔ ዝም አልኩ። ሎሌ ምን አገባው ብዬ።»

ይህን ቃል ከእርሱ ጠብቃ ስለማታውቅ ቁጣዋ ለአፍታ ማረፊያ አጣ።

አለቃው ብራናውን ከጸሐፊው ተቀብለው ለሁለት ቀደዱት። የሻሩት የእጁን ምሕረት ነው ወይስ የበሩን ፈቃድ፣ አልተናገሩም፤ ሁለቱም በአንድ ብራና ላይ ነበሩ። ጦረኞቹ ግን ሽማግሌውን ዳግም አልነኩትም። «ማኅተሜን የናቀ በዚህ በር አይገባም» ብለው ወደ መቅደሱ አመሩ።

«ማኅተሙን ለሎሌ ይስጡ» አለች ከኋላቸው። «ደመወዝ የሚከፈለው ለሎሌ ነው። ልጅ አባቱ ቤት ስለ ገባ አይከፈለውም።»

የግንብ ሹሙ ጺሙን አከከ። «ደወሉ ገና ጫፍ አልደረሰም» አለ ማንንም ሳያይ። «ነገ ይህች ልጅ ካልመጣች እኔ አላስስብም። ስለ ጽድቅ እንዳይመስላችሁ። ስለ ወገቤ ነው።»

«ስለ ወገባችን» አለ ወፍራሙ ግንበኛ፣ ወለሉ ላይ እንደ ተኛ።

የቀትሩ ጸሎት ሰዓት ደረሰ። ሕዝቡ በታላቁ በር ይገባ ጀመር። እሾህን ሲያዩ አንዳንዶቹ ዞር ብለው አለፉ፤ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። እሾህ ወደ ፊት መሄድ ትችል ነበር። ማንም እጇን ይዞ አላወጣትም፤ ግንበኞቹ በዓይናቸው ቦታ ይሰጧት ነበር። ወደ ፊት ሳትሄድ ወደ በሩ ተመለሰች።

አባቷ አሁንም ደፉ ውጭ ነበር፤ ከበሩ አሥር ክንድ ርቆ፣ ነፋሱ ከሕዝቡ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል።

«ግባ» አለችው።

«እምቢ አልሽ፣ ብራናውን ቀደዱት» አለ። በንዴት ነበር የተናገረው። ሲቆጣ አይታው አታውቅም። «ለአንቺ የተከፈተውን በር በገዛ እጅሽ ዘጋሽ! አሁን ደግሞ እኔን ግባ ትያለሽ?  ይህን በር ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል።»

«አልቸኩልም» አለች።

ማማው ላይ ልጅ መሆኗን አውቃ ነበር፤ ለምን ልጅ ተብላ እንደ ተጠራች ግን የገባት አሁን ነው። ለብቻዋ የምትገባበት ቢሆን ኖሮ ብራናው በበቃት። በደፉ ላይ ቆመች፤ አንድ እግሯ በድንጋዩ ላይ፣ አንድ እግሯ በአፈሩ ላይ፣ ጀርባዋ በናስ ከተለበጠው መዝጊያ ጋር ተደግፎ።

ከውስጥ ዝማሬው ተጀመረ። ጸሎት ሲጀመር መዝጊያው ይዘጋል፤ በረኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ። ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል።

«ግቢ ወይም ውጪ፣ የኔ ልጅ። መዝጋቴ ነው።»

«አትዘጋም።»

«ምን ማለትሽ ነው? የቀረ ሰው አለ?»

እሾህ ዓይኗን ከአባቷ ላይ ሳትነቅል መዝጊያውን በትከሻዋ ገፋችው።

«አለ» አለች። «አንድ ሽማግሌ ገና አልገባም።»